ስድስቱ ተማሪዎች በአታ ደሴት

ሰው ምድረ በዳ ላይ ሲወድቅ የሚያጠፋው ረኀብና ጥም ብቻ ይመስለናል። አለመስማማት ግን ከሁለቱ የማያንስ ጠላት ነው። ለዚህም ምስክር የሚሆነን የስድስት የቶንጋ ተማሪዎች ታሪክ ነው።

ቶንጋ በፓሲፊክ ውቅያኖስ ውስጥ ያለች የደሴቶች አገር ናት። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1965 ዓ.ም. በኑኩአሎፋ ከተማ በአዳሪ ትምህርት ቤት የነበሩ ስድስት ልጆች ትምህርት ሰለቻቸው። የአንድ ዓሣ አጥማጅ ጀልባ ሳያስፈቅዱ ወስደው ወደ ፊጂ ለመሄድ በሌሊት ተነሡ። ካርታም ኮምፓስም አልያዙም። ማዕበል ሸራውን ቀደደባቸው፤ መቅዘፊያውንም ሰበረባቸው። ስምንት ቀን ያህል ማዕበሉ እንደ ወሰዳቸው ከተጓዙ በኋላ አታ ከምትባል ገደላም ደሴት ደረሱ። ከደሴቲቱ ነዋሪዎች ብዙዎቹ በ1863 ዓ.ም. በባሪያ ነጋዴዎች ከተወሰዱና የቀሩትም ደሴቲቱን ከለቀቁ ወዲህ በዚያ የሚኖር ሰው አልነበረም።

በመጀመሪያ ዓሣና የባሕር ወፍ እንቍላል እየበሉ ቆዩ። በኋላም ወደ ተራራው ወጥተው የጥንቱን መንደር አገኙ፤ በዚያም የሰዎቹ ዶሮዎች፣ ሙዝና ጎደሬ ሳይጠፉ ቆይተው ነበር።

ከዚህ በኋላ ኑሯቸውን በሥርዓት አደረጉት። ሁለት ሁለት እየሆኑ የአትክልቱን፣ የማብሰሉንና የጥበቃውን ሥራ በተራ ያዙ። እንጨት ከእንጨት አፋትገው በብዙ ድካም ያገኙትን እሳት ከዚያ ወዲያ እንዲጠፋ አልፈቀዱም። የዛፍ ግንድ ቦርቡረው የዝናብ ውሃ አጠራቀሙ። ሁለት ልጆች ቢጣሉ ቍጣቸው እስኪበርድ ድረስ አንዱ ወዲህ፣ ሌላው ወዲያ ይሄዳል፤ ኋላም ይቅር ይባባላሉ። ጧትና ማታ ይጸልያሉ፤ ይዘምራሉ። አንዱ ልጅ ከገደል ወድቆ እግሩ በተሰበረ ጊዜ በእንጨት አስረው አስተኙት፤ የርሱንም ሥራ ተካፍለው ሠሩለት። እግሩም በደኅና ገጠመ።

በ1966 ዓ.ም. በሴፕቴምበር 11 ቀን ፒተር ዋርነር የሚባል አውስትራልያዊ የመርከብ አዛዥ በደሴቲቱ ላይ የተቃጠለ ሣር አይቶ ተጠጋ። ከዐሥራ አምስት ወር በኋላ ስድስቱም በጤና ተገኙ። አገራቸው ሲገቡ የጀልባው ባለቤት ስለ ከሰሳቸው ታሰሩ፤ ዋርነርም የጀልባውን ዋጋ ከፍሎ አስፈታቸው።

አንባቢ ሆይ፣ ልጆቹ ጀልባውን መውሰዳቸው ጥፋት ነበር። ነገር ግን ከስድስቱ አንዱ እንኳ ተራዬ አይደለም ብሎ እሳቱን ቢተወው ኖሮ ሁሉም በጠፉ ነበር። እኛስ በየመኝታ ቤታችንና በየክፍላችን ተራችንን እንዴት እንጠብቃለን? ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው ለተረት ብቻ አይደለም።