ዝቅተኛ አማካይ ውጤትና የሕክምና ትምህርት ቤት ማመልከቻ፦ የአሜሪካ አሠራር

በአሜሪካ ሕክምና የሚጠናው በአብዛኛው ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ ነው። በመሆኑም አመልካቹ በኮሌጅ የመጀመሪያ ዓመት ያስመዘገበው ደካማ ውጤት በማመልከቻው አብሮት ይቀርባል። ኮርሱን ደግሞ ቢወስድም፣ አብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች የሚጠቀሙበት ማዕከላዊ የማመልከቻ አገልግሎት፣ አምካስ፣ ሁለቱንም ውጤቶች ይቆጥራል። በኦስቲዮፓቲ ሕክምና ትምህርት ቤቶች በኩል የኋለኛውን ብቻ የመያዝ አሠራር ነበር፤ እርሱም በ2017 እ.ኤ.አ. ቀርቷል።

የችግሩ ምንጭ ስሌቱ ነው። በ90 የክሬዲት ሰዓት 2.8 አማካይ ያለው ተማሪ በቀጣዮቹ 30 ሰዓታት በሁሉም ኮርሶች ኤ ቢያገኝ፣ ጠቅላላ አማካዩ ከ3.1 አያልፍም። አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ማመልከቻዎችን በአማካይ ውጤት ወሰን ስለሚያጣሩ፣ ይህ ተማሪ ፋይሉ ሳይነበብ ሊወድቅ ይችላል።

ፋይሉ ከተነበበ ግን ሌላ መረጃ ይገኛል። አምካስ የየዓመቱን ውጤት፣ እንዲሁም የባዮሎጂ፣ የኬሚስትሪ፣ የፊዚክስና የሒሳብን አማካይ ለይቶ ያሳያል። የተማሪው መሻሻል የሚታየው በዚህ ዝርዝር ነው።

ስለዚህ ከምረቃ በኋላ የሚመረጠው የትምህርት ዓይነት ውጤቱን ይወስናል። በመጀመሪያ ዲግሪ ደረጃ የሚወሰዱ ተጨማሪ ኮርሶች ከቀድሞው ውጤት ጋር ይደመራሉ። የማስተርስ ውጤት ግን ለብቻው ስለሚመዘገብ የቀድሞውን አማካይ ከፍ አያደርግም። ከ472 እስከ 528 የሚመዘነው የመግቢያ ፈተና፣ ኤምካት፣ ወቅታዊ ችሎታን ቢያስረዳም የቀደመውን መዝገብ አይሰርዝም። እንግዲህ አመልካቹ ለማስተርስ ክፍያ ገንዘብና ጊዜ ከማዋሉ በፊት፣ እንቅፋት የሆነበት የማጣሪያው ወሰን ይሁን የቅርብ ጊዜ ማስረጃ እጥረት፣ አስቀድሞ ሊለይ ይገባል።