ኬብል ካር ወይስ ባለ አንድ ሐዲድ ባቡር? የጎብኚዎች ማጓጓዣ ምርጫ ከቁሓ ከፍታ ሲታይ

ከቁሓ ወደ መቀሌ መሐል ከተማ የሚመላለስ ሰው መንገዱን ጠንቅቆ ያውቀዋል። ሚኒባሱ ከፍ ካለው ሜዳ ይነሣል፤ የአሉላ አባ ነጋ አውሮፕላን ማረፊያን አካባቢ ወደ ጎን ይተውና በእንዳ ኢየሱስ ኮረብታ በኩል ወደ ከተማዋ ይወርዳል። ርቀቱ ወደ 10 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። የአፄ ዮሐንስን ቤተ መንግሥት አይቶ ወደ ገርዓልታ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት የሚያቀና ጎብኚም በዚሁ በቁሓ በኩል ያልፋል። ስለዚህ ስለ ጎብኚዎች ማጓጓዣ ሲነሣ ጉዳዩ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም።

በዓለም ላይ ባሉ ትልልቅ የመዝናኛ ፓርኮች ሁለት ዓይነት ከመሬት በላይ የሚሄዱ ማጓጓዣዎች ይታወቃሉ። አንደኛው በገመድ ላይ ተንጠልጥሎ የሚጓዘው ኬብል ካር ወይም ጎንዶላ ነው። ሁለተኛው በአንድ የኮንክሪት ተሸካሚ ላይ የሚሄደው ሞኖሬይል፣ ማለትም ባለ አንድ ሐዲድ ባቡር ነው። ይህ ጽሑፍ ስለ አንድ የጸደቀ ፕሮጀክት አይናገርም። ዓላማው ሁለቱ እንዴት እንደሚሠሩ ማስረዳትና እንዲህ ያለ ሐሳብ ወደ አንድ አካባቢ ሲመጣ አርሶ አደሩና የከተማው ነዋሪ ምን ብለው መጠየቅ እንዳለባቸው ማመላከት ነው።

አሠራራቸው እንዴት ነው?

በኬብል ካር አሠራር ሞተሩ ያለው በጣቢያው እንጂ በተሳፋሪው ክፍል ውስጥ አይደለም። ወፍራም የብረት ገመድ በሁለት ጣቢያዎች መካከል ሳያቋርጥ ይዞራል። ክፍሎቹ በመቆንጠጫ ገመዱን ይይዛሉ፤ ጣቢያ ሲደርሱ ይለቁታል፤ ቀስ ብለው እየሄዱ ሰው አውርደውና ጭነው እንደገና ይይዙታል። በዚህ ምክንያት ተሳፋሪ ረጅም ጊዜ ተሰልፎ አይጠብቅም።

ለምሳሌ 10 ሰው የሚይዝ ክፍል በየ12 ሰከንዱ ቢነሣ በሰዓት 300 ክፍሎች፣ ማለትም በአንድ አቅጣጫ 3,000 ሰዎች ይጓጓዛሉ። ይህን ያህል ሰው 12 መቀመጫ ባላቸው ሚኒባሶች ለማድረስ በሰዓት 250 ጉዞ ያስፈልጋል። ይሁን እንጂ ኬብል ካር ፈጣን አይደለም። ብዙዎቹ በሰዓት ከ18 እስከ 25 ኪሎ ሜትር ይጓዛሉ። በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ኬብል ካር 10 ኪሎ ሜትር ለመጨረስ ከግማሽ ሰዓት በላይ ይፈጅበታል። ዳገት ባለበት የ2 ወይም የ3 ኪሎ ሜትር መንገድ ግን ከ10 ደቂቃ በማይበልጥ ጊዜ ያደርሳል።

ሞኖሬይል ደግሞ እውነተኛ ባቡር ነው። ፉርጎዎቹ በአብዛኛው በጎማ የኮንክሪቱን ተሸካሚ ከላይና ከጎን አቅፈው ይሄዳሉ። በአንድ ጊዜ በመቶዎች የሚቆጠር ሰው ይይዛል፤ ከኬብል ካርም ይፈጥናል። በአንጻሩ ከመነሻ እስከ መድረሻ የማይቋረጥ ተሸካሚ ይፈልጋል፤ ምሰሶዎቹም በየ20 እና 30 ሜትሩ መተከል አለባቸው። የኬብል ካር ምሰሶዎች ግን በመቶ ሜትሮች ሊራራቁ ይችላሉ፤ ሸለቆ ሲያጋጥምም ገመዱ በአንድ ዝርጋታ ይሻገራል።

ሁለቱም በአንድ ቦታ

ሁለቱን ጎን ለጎን ለማየት ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው በአሜሪካ ፍሎሪዳ የሚገኘው የዋልት ዲዝኒ ወርልድ መዝናኛ ነው። ቦታው እ.ኤ.አ. በ1971 ሲከፈት ሞኖሬይል ነበረው። ባቡሩ ዛሬም ሆቴሎችንና ፓርኮችን ያገናኛል። የመዝናኛው ባለቤቶች ከዓመታት በኋላ አገልግሎቱን ወደ ሌሎች ሆቴሎችና ፓርኮች ለማስፋት ሲፈልጉ ግን ሞኖሬይሉን አላስረዘሙም። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2019 ስካይላይነር የተባለውን ኬብል ካር ሥራ አስጀመሩ። ወደ 300 የሚጠጉ ክፍሎች ያሉት ሲሆን እያንዳንዱ ክፍል እስከ 10 ሰው ይይዛል።

ይህ ኬብል ካር በተከፈተ በቀናት ውስጥ ግን በአንድ ጣቢያ ክፍሎች ተደራርበው ስለ ቆሙ መስመሩ ተቋረጠ፤ ተሳፋሪዎችም ለሰዓታት በአየር ላይ ተንጠልጥለው ቆዩ። ሞኖሬይሉም ቢሆን ከአደጋ ነጻ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2009 ሁለት ባቡሮች ተጋጭተው አንድ አሽከርካሪ ሕይወቱን አጥቷል። ከሁሉም የከፋው በጣሊያን ሞታሮኔ ተራራ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2021 የደረሰው ነው። የኬብል ካሩ ጎታች ገመድ ተበጥሶ 14 ሰዎች ሞተዋል። መርማሪዎች እንደ ገለጹት ክፍሉን ሊያቆመው ይገባ የነበረው የአደጋ ጊዜ ፍሬን ከሥራ ውጪ ተደርጎ ነበር። ሁለቱም ማጓጓዣዎች በሚገባ ከተጠበቁ አስተማማኝ ናቸው፤ ጥገናን ችላ የሚል አሠራር ግን የትኛውንም ወደ አደጋ ይለውጠዋል።

አካባቢያችን ለገመድ አዲስ አይደለም

የገመድ ማጓጓዣ ለአፍሪካ ቀንድ እንግዳ ነገር አይደለም። ጣሊያኖች እ.ኤ.አ. ከ1935 እስከ 1937 ባለው ጊዜ ከምጽዋ ወደብ እስከ አስመራ ወደ 72 ኪሎ ሜትር የሚደርስ የገመድ መስመር ዘርግተው ነበር። መስመሩ ከባሕር ጠለል ተነሥቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ይወጣ ነበር፤ በዘመኑም በዓለም ረጅሙ ነበር። የተሠራው ለሰው ሳይሆን ለዕቃ ማጓጓዣ ሲሆን ከ1,500 የሚበልጡ ትንንሽ ሳጥኖች ሲመላለሱበት ኖረዋል።

ገመዱን ያስመረጠው የመሬቱ አቀማመጥ ነው። ባቡርም ሆነ መኪና ያንን ዳገት ለመውጣት እየተጠማዘዘ ብዙ መዞር ነበረበት፤ ገመዱ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥ ብሎ ይወጣ ነበር። የመስመሩ ፍጻሜም ትምህርት ይሰጣል። ጣሊያን ከተሸነፈች በኋላ እንግሊዞች ሞተሮቹንና ዕቃዎቹን ነቅለው ወሰዱ፤ መስመሩም ዳግም አልተነሣም። በአካባቢው የማይመረት፣ በአካባቢው ሰው የማይጠገን መሣሪያ አንድ ጊዜ ከቆመ እንደ ቆመ ይቀራል።

ዳገት፣ ነፋስ እና የአውሮፕላን መንገድ

ይህን ልምድ ወደ ቁሓ አምጥተን ስንመዝነው በመጀመሪያ የሚነሣው ዳገቱ ነው። ሞኖሬይል ቀስ ያለ አቀበት እንጂ ቀጥ ያለ ዳገት አይወድም። በ100 ሜትር ርቀት ከ6 እስከ 10 ሜትር ከፍ ከሚል አቀበት በላይ ሲሆን ይቸገራል። ኬብል ካር ግን በገደል ላይ ሳይቀር ይወጣል። የእንዳ ኢየሱስን ቁልቁለት ለመሻገር ብቻ ከሆነ ብልጫው የገመዱ ነው።

ሁለተኛው ነፋስ ነው። ከቁሓ ብዙም ሳይርቅ በደቡብ በኩል የሚገኘው የአሸጎዳ የነፋስ ኃይል ማመንጫ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2013 ተመርቋል። 84 ተርባይኖች ሲኖሩት የማመንጨት አቅሙ 120 ሜጋ ዋት ነው። ያን ያህል ተርባይን የተተከለው አካባቢው ነፋሻ ስለሆነ ነው። ተርባይኑን የሚያዞረው ነፋስ በገመድ ላይ የተንጠለጠለውን ክፍልም ያወዛውዛል። በአንድ ገመድ የሚሠሩ ኬብል ካሮች ነፋሱ በሰዓት ከ50 እስከ 70 ኪሎ ሜትር ሲደርስ በአብዛኛው ሥራ ያቆማሉ። መብረቅ ያለበት የክረምት ከሰዓትም እንዲሁ ያስቆማቸዋል። በዚህ ረገድ ሞኖሬይል ይሻላል።

ሦስተኛው ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የአውሮፕላን መንገድ ነው። የአሉላ አባ ነጋ አውሮፕላን ማረፊያ የሚገኘው በቁሓ አጠገብ ነው። አውሮፕላን በሚነሣበትና በሚያርፍበት አቅጣጫ ረጅም ምሰሶ መትከልም ሆነ ገመድ መዘርጋት የአቪዬሽን ደንብ በጥብቅ የሚገድበው ጉዳይ ነው። ስለሆነም ማንኛውም መስመር በካርታ ላይ ከመሣሉ በፊት ይህን ገደብ ማወቅ ግዴታ ነው።

ገንዘቡስ?

ዋጋ እንደ አገሩና እንደ ዘመኑ ይለያያል፤ ሆኖም ሁለት ምሳሌዎች ልዩነቱን ያሳያሉ። በአሜሪካ ላስ ቬጋስ እ.ኤ.አ. በ2004 የተከፈተው ሞኖሬይል ርዝመቱ 6.3 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ወደ 650 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበታል። ይህም ለአንድ ኪሎ ሜትር 100 ሚሊዮን ዶላር ያህል ማለት ነው። የቱሪስት ከተማ ሆኖም ገቢው ወጪውን ሳይሸፍን ቀርቶ ኩባንያው በ2010 እና በ2020 ሁለት ጊዜ የኪሳራ ጥበቃ ጠይቋል።

በቦሊቪያ ደግሞ ከላይ ያለውን የኤል አልቶን ሜዳ ከታች ካለው ከላ ፓዝ ጋር የሚያገናኘው ኬብል ካር እ.ኤ.አ. በ2014 ሥራ ጀመረ። ወደ 10 ኪሎ ሜትር የሚሆኑት የመጀመሪያዎቹ 3 መስመሮች 234 ሚሊዮን ዶላር ፈጅተዋል፤ ለአንድ ኪሎ ሜትር 23 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ማለት ነው። ዛሬ መስመሮቹ 10 ደርሰዋል። የላ ፓዝ መስመር የቆመው ግን በጎብኚ ብቻ አይደለም። በየዕለቱ ወደ ሥራና ወደ ትምህርት ቤት የሚሄደው ነዋሪ ተሳፋሪው ነው። ጎብኚ ወቅት ጠብቆ ይመጣል፤ ሰላም ሲደፈርስም ይቀራል። ነዋሪው ግን ዓመቱን ሙሉ ይጓዛል። በጎብኚ ቲኬት ብቻ ዕዳውን እከፍላለሁ የሚል ዕቅድ በጥርጣሬ ሊታይ ይገባል።

መብራትና መለዋወጫ

ሁለቱም በኤሌክትሪክ ይሠራሉ። በጦርነቱ ጊዜ መብራት፣ ባንክና ስልክ ተቋርጠው እንደነበር የመቀሌና የቁሓ ነዋሪ አይረሳውም። ኬብል ካር ኃይል ሲቋረጥ በመጠባበቂያ የናፍጣ ሞተር ገመዱን ቀስ ብሎ በማዞር ሰዎችን ወደ ጣቢያ ይመልሳል። በምሰሶ ላይ የቆመን ሞኖሬይል ግን ሌላ ባቡር መጥቶ መጎተት ወይም ሰዎቹን በመሰላል ማውረድ ግድ ይሆናል።

በመለዋወጫ በኩል ከአዲስ አበባ ቀላል ባቡር መማር ይቻላል። ባቡሩ በመስከረም 2008 ዓ.ም በ41 ባቡሮች፣ 34 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ሐዲድ ላይ ሥራ ጀመረ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን በመለዋወጫና በውጭ ምንዛሪ እጥረት ከባቡሮቹ ብዙዎቹ ቆመዋል። ሞኖሬይል ከተራ ባቡር የባሰ ችግር አለበት፤ የአንዱ ኩባንያ ባቡር በሌላው ተሸካሚ ላይ አይሄድም። አምራቹ ያን ዓይነት ባቡር መሥራት ካቆመ ገዢው አማራጭ ያጣል።

ከገመዱ ሥር ያለው መሬት

ለአርሶ አደሩ ዋናው ጥያቄ መሬት ነው። በከተማ ዳር ያለ አርሶ አደር ከተማው በሰፋ ቁጥር ማሳው ሲጠብብ አይቷል። በዚህ ረገድ ኬብል ካር ቀላል ነው። የሚወስደው ጣቢያዎቹና የምሰሶዎቹ መሠረት ያረፉበትን ቦታ ነው፤ በመካከሉ ገብስና ስንዴ መዝራት፣ በበሬ ማረስም ይቻላል። ይሁን እንጂ ነጻ አይደለም። ከገመዱ ሥር እንደ ባሕር ዛፍ ያለ ረጅም ዛፍ ማሳደግ ወይም ቤት መሥራት ይከለከላል፤ ለጥገናም መንገድ ይፈለጋል። ሞኖሬይል ከዚህ የበለጠ ይወስዳል። ምሰሶዎቹ የተቀራረቡ ስለሆኑ፣ ግንባታውም ከባድ ማሽን ስለሚጠይቅ መስመሩ ሙሉ በሙሉ ከእርሻ ሊወጣ ይችላል።

የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 8 መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም የግል ንብረትን ሲወስድ ተመጣጣኝ ካሳ በቅድሚያ መክፈል እንዳለበት ይደነግጋል። “በቅድሚያ” የሚለው ቃል ክብደት አለው። ምሰሶው ከተተከለ በኋላ ስለ ካሳ መከራከር ለአርሶ አደሩ ዘግይቶ የመጣ ሙግት ነው። ማሳው ሳይወሰድ በላዩ ገመድ የሚያልፍበት ሰውም ዛፍ እንዳይተክልና ቤት እንዳይሠራ የሚገደድ ከሆነ፣ ያ ገደብ ምን ያህል ካሳ እንደሚያስገኝ አስቀድሞ በጽሑፍ መታወቅ አለበት።

ምን ብለን እንጠይቅ?

ከላይ የተዘረዘረው ሲጠቃለል፣ ዳገት ላለበት አጭር ርቀትና መጠነኛ ገንዘብ ላለው አካባቢ ኬብል ካር ይመረጣል። ሞኖሬይል የሚያዋጣው ሜዳማ በሆነ፣ ብዙ ሕዝብ ባለበት፣ የማይቋረጥ መብራትና የተረጋገጠ መለዋወጫ ባለው ቦታ ነው። በሜዳ ላይ ለሚደረግ የ10 ኪሎ ሜትር ጉዞ ደግሞ በሰዓቱ የሚነሣ ጥሩ አውቶቡስ ሁለቱንም ሊያስንቅ እንደሚችል መዘንጋት የለበትም።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ሐሳብ ለሕዝብ ውይይት ሲቀርብ በሚያምረው ሥዕል ፊት አምስት ጥያቄዎች ሊነሡ ይገባል። በዓመት ውስጥ ስንት ቀን በነፋስ ምክንያት ይቆማል? መለዋወጫው ከየት፣ በየትኛው ገንዘብ ይመጣል? ጎብኚ በማይመጣበት ወር ወጪውን ማን ይሸፍናል? ነዋሪው በሚችለው ዋጋ ይሳፈርበታል ወይስ ከታች ሆኖ ያየዋል? በመጨረሻም፣ ከገመዱ ሥር ያለው ማሳ ባለቤት ካሳውን ከምሰሶው በፊት ያገኛል ወይስ በኋላ? ለእነዚህ በቁጥርና በጽሑፍ መልስ ያለው ዕቅድ ሊመከርበት ይገባል፤ መልስ የሌለው ግን ገና አልበሰለም።