ከኪስ ካሜራ ወደ ባለ መስተዋቱ፤ በእንጅባራ የፈረስ ሜዳ የተገኘ ትምህርት

በአዊ ዞን ዋና ከተማ በእንጅባራ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓል ይከበራል። ማኅበሩ በ1932 ዓ.ም. የተቋቋመ ሲሆን፣ በዓሉ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ የተገኘውን ድልና በዚያ ዘመቻ የተሰለፉትን ፈረሶች የሚያዘክር ነው። ቀኑም እንደ ዓድዋው ቀን ሁሉ የቅዱስ ጊዮርጊስ ዕለት ነው። ስለ በዓሉ ታሪክና ስለ ማኅበሩ ሥርዓት የሚጽፉ ሌሎች ስላሉ፣ እኛ በዚህ ጽሑፍ የምንናገረው ስለ አንድ ጠባብ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም በዓሉን በፎቶግራፍ ለመመዝገብ የተነሣ ተማሪ ከትንሹ የኪስ ካሜራ ዲ.ኤስ.ኤል.አር. ወደሚባለው ባለ መስተዋት ዲጂታል ካሜራ ቢሸጋገር ምን እንደሚያገኝና ምን እንደማያገኝ ነው።

ለዚህ ጥያቄ ያበቃን አንድ ያልተሳካ ሥራ ነው። በ2011 ዓ.ም. በዓል ስለ ፈረስ ዕቃ፣ ማለት ስለ ኮርቻው፣ ስለ ግላሱና ስለ ልጓሙ ለማጥናት ሄደን ሳለ፣ ወደ ጉግሱ ሲገቡ ሕዝቡ በእልልታ የሚቀበላቸው አንድ አዛውንት ፈረሰኛ አየን። በፊታችን ስምንት ጊዜ አለፉ፤ እኛም ስምንት ጊዜ የኪስ ካሜራችንን ቁልፍ ተጫንን። ማታ ፎቶግራፎቹን ስንመለከት ያገኘነው ሦስት የፈረስ ጭራ፣ ሁለት ባዶ ሜዳና ሦስት ጭጋግ የመሰለ ነገር ነበር። አዛውንቱ በዚያው ዓመት ዐረፉ። ቤተ ዘመዶቻቸው በፈረስ ላይ ሆነው የተነሡትን ፎቶግራፍ ለተዝካራቸው በጠየቁን ጊዜ የምንሰጠው አልነበረንም። ገንዘብ አዋጥተን ያገለገለ ባለ መስተዋት ካሜራ የገዛነው ከዚህ በኋላ ነው።

ጥፋቱ ከምን እንደ መጣ በስሌት ማወቅ ይቻላል። የሚጋልብ ፈረስ በሰዓት ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚሄድ በአንድ ሰከንድ 12 ሜትር ያህል ያልፋል እንበል። ትንሹ ካሜራ ቁልፉን ስንጫነው ወዲያው አያነሣም፤ አስቀድሞ ሌንሱን ወደ ፊትና ወደ ኋላ እያንቀሳቀሰ ምስሉ ከሁሉ ይልቅ የጠራበትን ቦታ ይፈልጋል። ሌንሱ በየትኛው አቅጣጫ መሄድ እንዳለበት ስለማያውቅ በጨለማ የበሩን መቀርቀሪያ እንደሚፈልግ ሰው ዳብሶ ነው የሚያገኘው። ይህ ፍለጋ አንድ ሦስተኛ ሰከንድ ቢፈጅ፣ በፊታችን አግድም የሚያልፈው ፈረስ 4 ሜትር ሄዷል ማለት ነው። 4 ሜትር ደግሞ ከአንድ ፈረስ ቁመና ስለሚበልጥ፣ በሥዕሉ ውስጥ ጭራው ብቻ መቅረቱ የሚያስደንቅ አይደለም። በስክሪኑ ላይ የምናየውም ምስል ራሱ ጥቂት የዘገየ ስለ ሆነ፣ እጃችን ቢፈጥን እንኳ ዓይናችን ያለፈውን ነገር ነው የሚያየው።

ባለ መስተዋቱ ካሜራ ይህን የሚያቃልለው በአሠራሩ ነው። ከሌንሱ በስተኋላ 45 ዲግሪ ያዘመመ መስተዋት ተቀምጧል። በሌንሱ የገባው ብርሃን በመስተዋቱ ወደ ላይ ተመልሶ፣ ከካሜራው አናት ባለው ፕሪዝም ተገልብጦና ተቃንቶ ወደ ዓይናችን ይመጣል። ስለዚህ የምናየው ራሱን ብርሃኑን እንጂ የኤሌክትሪክ ምስል አይደለም፤ ምንም መዘግየት የለበትም። ከብርሃኑ ጥቂቱ በመስተዋቱ መካከል አልፎ በሌላ ትንሽ መስተዋት ወደ ታች ይወርድና ርቀት ወደሚለየው መሣሪያ ይደርሳል። ይህ መሣሪያ በሌንሱ ሁለት ወገን የመጡትን ሁለት ምስሎች አስተያይቶ፣ ሌንሱ ወደየትኛው አቅጣጫና ምን ያህል መዞር እንዳለበት በአንድ ጊዜ ያውቃል። ቁልፉ ሲጫን መስተዋቱ ወደ ላይ ይነሣል፤ ሻተር የሚባለው መዝጊያ ተከፍቶ ይዘጋል፤ መስተዋቱም ይመለሳል። «ቀጭ» የሚለው ድምፅ ይኸው ነው። ይህ ሁሉ ሲሆን የሚያልፈው ጊዜ በብዙዎቹ ካሜራዎች ከአንድ አሥረኛ ሰከንድ ብዙ አይበልጥም፤ ፈረሳችንም የሚሄደው አንድ ሜትር ያህል ብቻ ነው።

የመስተዋቱ አሳብ አዲስ አይደለም። በ35 ሚሊ ሜትር ፊልም የሚሠራው ኤግዛክታ በጀርመን አገር በ1936፣ ኒኮን ኤፍ ደግሞ በጃፓን በ1959 በፈረንጆች አቆጣጠር ወጥተዋል። ፊልሙን በኤሌክትሪክ ዓይን የተካውን የመጀመሪያውን ዲጂታል ካሜራ የኮዳክ መሐንዲስ ስቲቨን ሳሶን የሠራው በ1975 ሲሆን፣ ባለ መስተዋቱ ዲጂታል ካሜራ ከአንድ ሺህ የአሜሪካ ዶላር በታች ለሕዝብ የቀረበው በ2003 በወጣው በካኖን 300ዲ ነው። ፈረስና ካሜራም የተዋወቁት በእንጅባራ አይደለም። ኤድዋርድ ማይብሪጅ በ1878 በካሊፎርኒያ ካሜራዎችን በተርታ ደርድሮ የሚጋልብ ፈረስ ባነሣ ጊዜ፣ አራቱም እግሮች ከመሬት የሚነሡት ተዘርግተው ሳሉ ሳይሆን ከሆድ ሥር ተሰብስበው ሳሉ መሆኑ ታወቀ። የአውሮፓ ሠዓሊዎች ግን ከዚያ በፊት ለብዙ ዘመን ፈረሱን እግሮቹን ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንደ ዘረጋ አድርገው ሲሥሉት ኖረዋል።

ሁለተኛው ልዩነት በብርሃን መቀበያው በሴንሰሩ ስፋት ነው። የብዙ ኪስ ካሜራዎች ሴንሰር 6.2 በ4.6 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ርካሽ የሚባለው ባለ መስተዋት ካሜራ ሴንሰር ግን 23.5 በ15.6 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ስፋታቸው ሲነጻጸር ሁለተኛው 13 እጥፍ ያህል ይበልጣል። ሻጮች የሚያወሩት ስለ ሜጋ ፒክስል ነው፤ እኛም ካሜራውን ልንገዛ በሄድንበት ሱቅ የኪስ ካሜራውም ባለ መስተዋቱም «እኩል 20 ናቸው» ተብለን ነበር። ቁጥሩ እውነት ነው፤ ዳሩ ግን 20 ሚሊዮን ሰው በአንድ ወረዳ ማስፈርና በ13 ወረዳ ማስፈር አንድ አይደለም። በጠባቡ ሴንሰር ላይ እያንዳንዱ ነጥብ የሚደርሰው ብርሃን ጥቂት ስለ ሆነ፣ ቤት ውስጥ ወይም በማለዳ ጉም ሲነሣበት ምስሉ አሸዋ እንደ ተበተነበት ይሆናል።

እስከዚህ ድረስ ያልነው ሁሉ ለአዲሱ ካሜራ ምስጋና ነው። በ2012 ዓ.ም. በዓል ግን ይዘነው ወጥተን ከባለፈው ዓመት ብዙም ያልተሻለ ነገር ይዘን ተመለስን። ከ400 በላይ አንሥተን ለጥናት የሚበቃ ያገኘነው ከ10 አይበልጥም። ምክንያቱም የማዞሪያውን ቁልፍ «አውቶማቲክ» በሚለው ላይ ትተነው ነበር። ካሜራው ፈረስ እንደሚያነሣ አያውቅም፤ ስለዚህ መዝጊያውን አንዳንዴ ለአንድ ስልሳኛ ሰከንድ ከፍቶ ይተወዋል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ፈረሱ 20 ሳንቲ ሜትር ይሄዳልና ምስሉ ይደበዝዛል። በአንድ ሺህኛ ሰከንድ ግን የሚሄደው ከአንድ ሳንቲ ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ነው። ደግሞም ካሜራው ከሁሉ ቀርቦ ያገኘውን ነገር ይመርጥ ስለ ነበር፣ በብዙዎቹ ፎቶግራፎች ላይ ጠርቶ የወጣው ከፊታችን የቆመው ተመልካች ነጠላ ነው፤ ፈረሰኛው በስተኋላ ደብዝዟል። ከመካከላችን አንዱ በአሮጌው የኪስ ካሜራ ያነሣቸው የዚያን ዕለት ሥራዎች ከኛ ይሻሉ ነበር። ይህን መናገር ያሳፍራል፤ ሆኖም ገንዘብ የሚያዋጡ ባልንጀሮቻችን ቢያውቁት ይጠቅማል።

ልምምድ የጀመርነው ከዚያ በኋላ በዳንግላ ነው። በከተማው መንገድ በሚያልፉት የጋሪ ፈረሶች ላይ ለሁለት ወር ያህል ተለማመድን፤ ባለጋሪዎቹ መጀመሪያ ቢስቁብንም በኋላ ፍጥነት እየጨመሩ ያሠለጥኑን ጀመር። የተማርነውም ይህ ነው። መዝጊያው አንድ ሺህኛ ሰከንድ እንዲሆን እኛ እንወስናለን፤ አይ.ኤስ.ኦ. የሚባለውን የብርሃን ንቃት ካሜራው እንደ ፍላጎቱ እንዲያስተካክል እንተውለታለን። ርቀቱን የሚለካበትን ነጥብ አንድ ብቻ፣ እርሱንም በመካከል እናደርጋለን፤ ካሜራውም ፈረሱን ሳያቋርጥ እንዲከታተል እናዝዘዋለን። ፈረሱ ገና ሩቅ ሳለ ጀምረን ከወገባችን እየዞርን እንከተለዋለን፤ ቁልፉንም ከተጫንን በኋላ መዞራችንን አናቆምም። ጠመንጃ ያነገበ አዳኝ ይህን ሳይማር ያውቀዋል።

ካሜራ መለወጥ የማይችል ባልንጀራችንም ተስፋ አይቁረጥ። በኪስ ካሜራ ቁልፉን እስከ ግማሽ ብቻ ተጭኖ መያዝ ይቻላል። ፈረሱ በሚያልፍበት ቦታ ላይ ያለውን ድንጋይ ወይም ካስማ አነጣጥሮ ግማሽ ተጭኖ ቢጠብቅ፣ ሌንሱ ፍለጋውን አስቀድሞ ስለሚጨርስ የቀረውን ሲጫን መዘግየቱ እጅግ ያንሳል። ይህን በ2011 ዓ.ም. ብናውቅ ኖሮ የአዛውንቱ ፎቶግራፍ ይገኝ ነበር ብለን እናስባለን።

ከፍጥነቱ ይልቅ ያስቸገረን የብርሃኑ ነገር ነው። የካሜራ የብርሃን መለኪያ በፊቱ ያለው ሁሉ ተደምሮ መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ ይገምታል። የጥር ሰማይ ግን ብሩህ ነው፤ ፈረሰኛውም ነጭ ልብስ ለብሷል፤ ፊቱ ጠይም ነው። መለኪያው ነጩን ግራጫ ለማድረግ ብርሃኑን ሲቀንስ የሰውየው ፊት እንደ ከሰል ይጠቁራል። ማኅበረሰቡን እናጠናለን እያልን ፊት የሌላቸው ሰዎች ፎቶግራፍ ብናቀርብ ምን ይባላል? ይህ ስሕተት በትንሹም በትልቁም ካሜራ አለ፤ ልዩነቱ በትልቁ ላይ ማረሚያው ከጣታችን ሥር መሆኑ ነው። የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ይዘን ብርሃኑን በአንድ እርከን ስንጨምረው ፊቱ ይገለጣል። ሮው በሚባለው ያልተሠራ ፋይል ማስቀመጥም ይረዳል። የተለመደው ጄፔግ በእያንዳንዱ ቀለም 256 ደረጃዎች ብቻ ሲይዝ፣ ባለ 14 ቢቱ ሮው 16,384 ይይዛል። ከጨለማው ውስጥ የፊቱን መልክ አውጥቶ ለማሳየት የሚቻለው ከዚህ ነው። የማኅደሩ ካርድ ግን ቶሎ ይሞላል።

ስለ ግዢ የምንለው አጭር ነው። ካኖንና ኒኮን አዲስ ባለ መስተዋት ካሜራ ለመጨረሻ ጊዜ ያስተዋወቁት በ2020 በፈረንጆች አቆጣጠር ሲሆን፣ ዛሬ የሚያወጡት መስተዋት የሌላቸውን ነው። ስለዚህ ያገለገሉት ባለ መስተዋቶች ለተማሪ ኪስ ቀርበዋል። ገንዘቡ ውሱን ከሆነ በአካሉ ላይ ቆጥቦ ለሌንሱ ማውጣት ይሻላል። ከካሜራው ጋር የሚሸጠው 18-55 ሚሊ ሜትር ሌንስ ለሜዳው አጭር፣ ለቤት ውስጥ ደግሞ ጨለማ ነው። ለጉግሱ እስከ 200 ወይም እስከ 300 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ያስፈልጋል። ሽማግሌዎችን በቤታቸው ለማነጋገር ደግሞ ርካሹ 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ሌንስ በኤፍ 5.6 ከሚሠራው 10 እጥፍ ያህል ብርሃን ያስገባል። ሻተሩ ስንት ጊዜ እንደ ሠራ ሳይጠይቁ ያገለገለ መግዛት፣ ጥርሱን ሳያዩ ፈረስ እንደ መግዛት ነው።

ሌንስ የሚቀያየር መሆኑ የራሱ ጣጣ አለው። በጥር የፈረስ ሜዳ ላይ አቧራው ይነሣል፤ እዚያው ቆሞ ሌንስ የቀየረ ሰው በእያንዳንዱ ሰማይ ላይ ጥቁር ነጥብ ይዞ ይመለሳል። በክረምት ደግሞ የእንጅባራ ዝናብና እርጥበት በሌንሱ መስተዋት ውስጥ ሻጋታ ያበቅላል። ካሜራውን በቆዳ ቦርሳ ዘግቶ ማስቀመጥ ለሻጋታው ይመቸዋል፤ በሚገጥም የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ከሲሊካ ጄል ጋር ማኖር ይሻላል።

ደግሞ ሁሉ ነገር ትልቅ ካሜራ አይሻም። የዘንገና ሐይቅ አይጋልብም፤ በፋግታ ለኮማ ያለው የዲከረንስ ደንም እንዲሁ። ለነዚህ ኪስ ውስጥ ያለው ካሜራ ወይም ስልኩ ይበቃል። የግላሱን ጥልፍና የእርካቡን ሥራ በቅርብ ለማንሣት እንዲያውም ትንሹ ካሜራ ይመረጣል። ጥቂት ሳንቲ ሜትር ድረስ ይጠጋል፤ ሴንሰሩ ጠባብ በመሆኑም ከፊት እስከ ኋላ ያለው ይበልጥ ጠርቶ ይታያል። እኛ ሁለቱንም ይዘን እንሄዳለን።

ከ1925 እስከ 1934 በፈረንጆች አቆጣጠር በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንሲል የነበረው ማጆር ቺዝማን በ1936 ስለ ጣናና ስለ ዓባይ ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ፎቶግራፎች ይገኛሉ። መጽሐፉን በተመለከትን ቁጥር በዚያ ዘመን በዳንግላ ይጋልቡ የነበሩት ሰዎች ስማቸው ማን ነበር እያልን እንጠይቃለን። ስለዚህ በእያንዳንዱ ፎቶግራፍ ፋይል ላይ የፈረሰኛውን ስም፣ ከሰባቱ ቤት የየትኛው እንደ ሆነና የፈረሱን ስም መጻፍ ጀምረናል።

በተከታዩ በዓል ካነሣናቸው ውስጥ 40 ያህሉ ፈረሱም ፈረሰኛውም በደንብ የሚታዩባቸው ሆኑ። ከነዚህ በአንዱ ላይ የሟቹ አዛውንት ልጅ በአባቱ ኮርቻ ተቀምጦ ይታያል። አሳትመን ወደ ቤታቸው ወሰድንላቸው፤ እናቱም ከልጁ አስቀድመው ኮርቻውን ለዩት።