ሽልማት ምን ያህል ይመዝናል?

በሰኔ ወር መገባደጃ በየትምህርት ቤቱ የወላጆች ቀን ሲከበር፣ ከ1ኛ እስከ 3ኛ የወጡ ተማሪዎች በእልልታ ታጅበው የምስክር ወረቀት ይቀበላሉ። ከእነርሱ ጥቂቶቹ ኋላ ላይ ነጻ የትምህርት ዕድል ፍለጋ ለአሜሪካ ዕውቅ ዩኒቨርሲቲዎች ሲያመለክቱ ያ ሁሉ ወረቀት ይጠቅማቸው ይሆን? በአገራችን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ምደባ በዋናነት በብሔራዊ ፈተና ስለሚወሰን ጥያቄው እምብዛም አይነሣም። በዚያ ግን ይነሣል፤ መልሱም ከቁጥር ይጀምራል።

እ.ኤ.አ. በ2018 በቦስተን ፌዴራል ፍርድ ቤት በታየው የሃርቫርድ የቅበላ ክስ ይፋ እንደሆነው፣ በ2015 ለመግባት ካመለከቱት የአገሪቱ ተማሪዎች ከ8,000 በላይ የሚሆኑት ውጤታቸው እንከን አልነበረውም። ቦታው ግን 1,600 ገደማ ነበር። በአሜሪካ ከ20,000 በላይ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አሉ፤ ከየአንዳንዱ አንድ አንደኛ ቢወጣ እንኳ አንደኞቹ ከቦታው ከ12 እጥፍ በላይ ይሆናሉ።

ክሎድ ሻነን በ1948 ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው፣ አንድ መልእክት የሚሸከመው መረጃ የሚበዛው መልእክቱ ያልተጠበቀ በሆነ መጠን ነው። ሁሉንም ትምህርት በ«ኤ» ያለፈች ተማሪ በክብር መዝገብ መስፈሯ ለመራጮቹ አዲስ ነገር አይነግራቸውም፤ ውጤቷን ቀድመው አይተውታልና። ዝነኛው «ናሽናል ሜሪት» እንኳ ከዚህ ችግር አያመልጥም። ከ1 ሚሊዮን በላይ ተወዳዳሪዎች 16,000 ያህሉ ብቻ ለግማሽ ፍጻሜ ቢደርሱም፣ የመጀመሪያው ማጣሪያ ፒ.ኤስ.ኤ.ቲ. የተባለው ፈተና ነው፤ የታላቅ ወንድሙ የኤስ.ኤ.ቲ. ውጤት ደግሞ ብዙውን ጊዜ በማመልከቻው ውስጥ አለ። የአንድን ሕመምተኛ ትኩሳት ሁለት ጊዜ ለክቶ ሁለት በሽታ አገኘሁ እንደማለት ነው።

የዓለም አቀፉ የሒሳብ ኦሊምፒያድ ነገር ይለያል። አንድ አገር ከ6 ተማሪዎች በላይ አይልክም፤ ተወዳዳሪዎቹም በ2 ቀናት፣ በቀን ለ4 ሰዓት ተኩል፣ በድምሩ 6 ጥያቄዎችን ከነማረጋገጫቸው ይሠራሉ። የክፍል ፈተና የማይለካውን ስለሚለካ ሜዳሊያው ከውጤት ካርድ የማይገኝ ማስረጃ ይሆናል። ከ1942 ጀምሮ የሚካሄደውና በየዓመቱ 40 የፍጻሜ ተወዳዳሪዎችን የሚመርጠው የ«ሳይንስ ታለንት ሰርች» ውድድርም የሚመዝነው ተማሪው ራሱ ያካሄደውን ምርምር ነው። ገንዘብ ከፍለው የሚቀበሉት «ሽልማት» ግን፣ በእኛ እምነት፣ የሚመሰክረው ለከፋዩ ኪስ ብቻ ነው።

ቤተ ሙከራም ሆነ ውድድር በሌለበት ትምህርት ቤት የተማረስ? መራጮቹ ማመልከቻውን የሚያነቡት ስለ ትምህርት ቤቱ ከተላከው መግለጫ ጋር አገናዝበው ስለሆነ፣ ያልነበረ ውድድር ባለማሸነፉ አይወቀስም። ነገር ግን ችሎታው በሌላ መንገድ መታየት አለበት፤ ያን ጊዜ በቅርብ የሚያውቀው መምህር በዝርዝር የሚጽፈው ደብዳቤ ከብዙ የምስክር ወረቀት ይበልጣል።

ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የሚጠቀሙበት «ኮመን አፕሊኬሽን» ለሽልማት የሚሰጠው ቦታ 5 መስመር ብቻ ነው፤ ሽልማቱ በትምህርት ቤት፣ በክልል፣ በአገር ወይስ በዓለም አቀፍ ደረጃ እንደተገኘም ይጠይቃል። በዚያች ጠባብ ቦታ «1ኛ የወጣ» ብሎ መጻፍ ብዙም አይናገርም። «ከ312 ተማሪዎች 1ኛ» ሲባል ግን አንባቢው የሚያሰላው ነገር ያገኛል።