የመምህሩ ብዕርና የአረጋዊው ኑዛዜ



በሰቆጣ ዙሪያና በዋግ ኽምራ ደጋዎች የሚመደብ መምህር ሥራው በጥቁር ሰሌዳ ላይ ብቻ አይወሰንም። ለቀበሌው ሰው ደብዳቤ አንባቢ፣ ማመልከቻ ጸሐፊ፣ በክፉም በደግም አማካሪ ነው። ከሁሉ የሚከብደው ግን አንዲት አሮጊት ወይም አንድ ሽማግሌ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ደጃፉ ላይ በመቆም «መምህር፣ ልጄ፣ ሳልሞት ቃሌን ጻፍልኝ» ያሉት ዕለት ነው። ታዲያ ያን ዕለት ምን እንጽፋለን? እንዴትስ እንጽፋለን?

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አንድ ምሳሌ እናስብ። አንዲት እናት አሉ እንበል። ልጆቻቸው ሥራ ፍለጋ ርቀው ሄደዋል። ውኃ የምትቀዳላቸው፣ ሲታመሙ የምታስታምማቸው የእኅታቸው ልጅ ናት። ሀብታቸው አንድ ቤት፣ ጥቂት ፍየሎች፣ ሦስት የንብ ቀፎና ለእኩል የሰጡት ማሳ ነው። እናቲቱ ቤቱንና ፍየሎቹን ለጦረቻቸው ልጅ ለማውረስ ፈለጉ። መምህሩ በቅን ልቡና ጻፈ፤ ሁለት ጎረቤቶች ፈረሙ፤ ወረቀቱ ሣጥን ውስጥ ገባ። ከተዝካሩ በኋላ ልጆቹ መጥተው ፍርድ ቤት ቆሙ፤ ወረቀቱም ወደቀ። ኑዛዜ ከሌለ ወራሾች ልጆች ናቸውና ያች የጦረች ልጅ ባዶ እጇን ቀረች። ወረቀቱን የጣለው የእናቲቱ ሐሳብ ክፉ መሆን አይደለም፤ የምስክሮቹ ቁጥር መጉደል ነው።

እንግዲህ ሕጉ ምን ይላል? ውርስን የሚመራው የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ሦስት ዓይነት ኑዛዜ ያውቃል።

አንደኛው በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ ነው። ይህን ተናዛዡ ራሱ ሊጽፈው ወይም እየተናገረ ሌላ ሰው ሊጽፍለት ይችላል። ማንበብና መጻፍ የማይችሉ ወላጆቻችን የሚጠቀሙት ይህንኑ ነው። በቁጥር 881 መሠረት ኑዛዜው በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት መነበብ አለበት። መነበቡና ቀኑም በራሱ በጽሑፉ ውስጥ መገለጽ አለበት። ተናዛዡና ምስክሮቹም ወዲያውኑ መፈረም ወይም የጣት አሻራ ማድረግ አለባቸው። «ነገ መጥቼ እፈርማለሁ» የሚል ምስክር አይሆንም። ምስክር ሁለት የሚበቃው ከሁለቱ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ፣ ሬጅስትራር ወይም የውል አዋዋይ ሲሆን ብቻ ነው።

ሁለተኛው ተናዛዡ ሙሉ በሙሉ በራሱ እጅ ጽፎ፣ ኑዛዜ መሆኑን ገልጾ፣ ቀን አኑሮ የሚፈርምበት ነው። ይህ ምስክር አያስፈልገውም። ነገር ግን በተጻፈ በ7 ዓመት ውስጥ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ወይም አዋዋይ ዘንድ ካልተቀመጠ ይፈርሳል።

ሦስተኛው የቃል ኑዛዜ ነው። በሁለት ምስክሮች ፊት የሚነገር ሲሆን፣ የሚሠራው ስለ ቀብር ሥርዓት፣ ስለ ትናንሽ ልጆች ሞግዚትነትና እያንዳንዱ ከ500 ብር ለማይበልጥ ስጦታ ብቻ ነው። ዛሬ 500 ብር አንዲት ፍየል እንኳ አይገዛም። ተናዛዡ ከተናገረ በኋላ 3 ወር በሕይወት ከቆየም ቃሉ ይፈርሳል። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው የአባቶች ተረት እዚህ ላይ ከሕጉ ጋር አንድ ነው።

መምህሩ ሊጠነቀቅባቸው የሚገቡ ሌሎች ነገሮችም አሉ። ባልና ሚስት በአንድ ወረቀት ላይ በአንድነት ቢናዘዙ ኑዛዜው ዋጋ የለውም፤ ለየብቻ ይጻፍላቸው። ልጁን ከውርስ የሚነቅል ወላጅ ይህን በግልጽ መናገርና ምክንያቱን ማስጻፍ አለበት። የሚወርሰው ሰው ምስክር ባይሆን ይመረጣል፤ ጸሐፊውም ከውርሱ አንዳች ድርሻ አይቀበል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ቋንቋ አለ። ብዙ አረጋውያን አፋቸውን የፈቱት በኽምጣና ነው። በአማርኛ የተጻፈውን ካልተረዱት ተነበበላቸው ማለት አይቻልም። ስለዚህ ሁለቱንም ቋንቋ የሚያውቅ፣ ከውርሱ ጥቅም የሌለው ሰው ያስረዳቸው፤ ምስክሮቹም የተጻፈውን የሚረዱ ይሁኑ።

የመሬት ነገር ለብቻው ነው። በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት መሠረት መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። ገበሬው ያለው የይዞታ መብት ነው። ይህም በኑዛዜና በስጦታ የሚተላለፈው በክልሉ የገጠር መሬት ሕግ መሠረት ነው፤ ለዚህም በ2009 ዓ.ም. የወጣውን አዋጅ ቁጥር 252 መመልከት ያሻል። ስለዚህ ማሳን የሚመለከት ቃል ከመጻፉ በፊት አረጋዊው ወይም አረጋዊቷ የይዞታ ደብተራቸውን ይዘው የቀበሌውን የመሬት አስተዳደር ይጠይቁ። የባልና የሚስት ማሳ ከሆነ የሁለቱም ስም በደብተሩ ላይ መኖሩ ይታይ። ማሳው ለእኩል ከተሰጠም ውሉ በጽሑፍ ይሁን፤ አለዚያ አራሹ ባለይዞታ ነኝ ያለ ቀን አሮጊቷ ማስረጃ ያጣሉ።

ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳትበት ሌላው ነገር ውክልና ነው። «እናቴ ወክላኛለች» የሚል ልጅ ውክልናው ከእናቱ ጋር እንደሚሞት ይወቅ። ውክልና ጉልበት ላነሰው ወላጅ በሕይወት ሳለ ጉዳይ ለማስፈጸም ይጠቅማል፤ የኑዛዜን ቦታ ግን አይተካም።

ስለ መተዳደሪያስ? እኛ መምህራን ከደመወዛችን 7 ከመቶ ይቆረጣል፤ መንግሥት 11 ከመቶ ይጨምራል፤ 60 ዓመት ሲሞላንም ጡረታ እናገኛለን። ገበሬው ግን ይህ የለውም። የእርሱ ጡረታ ልጁ፣ ማሳውና ፍየሉ ነው። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የተዘረጋው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ጉልበት ለሌላቸው አረጋውያን ያለ ሥራ ቀጥታ ድጋፍ ሲሰጥ ቆይቷል። ይሁን እንጂ «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» የሚለው ምርቃት ዛሬም ትርጉም አለው። ጧሪ እንዳይጠፋ ደግሞ የጦረ ሰው ድካሙ በጽሑፍ ሊታወቅለት ይገባል።

በመጨረሻም የወረቀቱ መቀመጫ ይታሰብበት። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ከዋግ ብዙ ቤተሰብ ወደ ኮረምና ወደ ሩቅ የሠፈራ ጣቢያዎች ተበትኗል። በ2013ና በ2014 ዓ.ም. ጦርነትም ብዙ ሰው ቤቱን ጥሎ ሸሽቷል። ሰው ሲበተን ሣጥንም ምስክርም አብሮ ይበተናል። ስለዚህ ኑዛዜው ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ይቀመጥ፤ ግልባጩም ተናዛዡ በሚያምኑት ሰው እጅ ይሁን።

አንዳንዱ ሰው «ኑዛዜ ሞትን ይጠራል» እያለ ይሸሻል። እኛ ግን ኑዛዜ በማንኛውም ጊዜ ሊሻር፣ ሊለወጥ እንደሚችል እናስረዳ። አእምሮ ሳይደክም፣ ቃል ሳይጠፋ የተጻፈ ኑዛዜ ወንድማማቾችን ከክስ ያድናል። እንግዲህ «መምህር፣ ልጄ፣ ጻፍልኝ» ስንባል ብዕር ከማንሣታችን በፊት «እማማ፣ አራት ምስክር ይጥሩልኝ» እንበል።