ጉማሬና ቢልጫ፦ በአንድ ሐይቅ፣ በተለያየ ሥጋት

ጉማሬም ቢልጫም የጣና ሀብት ናቸው፤ በአመዳደብ ግን እጅግ ይራራቃሉ። ጉማሬ አጥቢ ነው፤ በሳንባ ይተነፍሳል፣ ስምንት ወር ገደማ አርግዞ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ግልገል ይወልዳል። የቅርብ ዘመዱ ዓሣ ነባሪ ሲሆን፣ እርሱም ስሙ እንጂ ዓሣ አይደለም። አንዳንዶች ነጭ ዓሣ የሚሉት ቢልጫ ደግሞ በስንጥብ የሚተነፍስ፣ እንቁላል የሚጥልና ከካርፕ ቤተሰብ የሚመደብ ዓሣ ነው።

በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ቀይ መዝገብ ጉማሬ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2006 ጀምሮ «ለአደጋ ተጋላጭ» ተብሎ ተመዝግቧል። ለሥጋውና ለጥርሱ ይታደናል፤ የሚግጥበት የውኃ ዳር ሣር ሲታረስም ሌሊት ወደ ማሳ ይገባል። ሰብሉ ለተበላበት አርሶ አደር ጉዳዩ ቀላል አይደለም። ይሁንና ጉማሬ ከጣና ቢጠፋ እንኳ በሌሎች የአፍሪካ ወንዞች ይኖራል።

ቢልጫ ግን ምትክ የለውም። ገበያ ላይ በአንድ ስም ይሸጥ እንጂ ተመራማሪዎች በጣና ከ15 ያላነሱ ዝርያዎቹን ለይተዋል። 40 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታችኛው ውኃ ስለለያቸው አብዛኞቹ ከጣና ውጪ የትም አይገኙም። ከፊሎቹ ሌላ ዓሣ አድነው ይበላሉ፣ ከፊሎቹ ከጭቃ ውስጥ ትል ይለቅማሉ።

ብዙዎቹ ዝርያዎች በክረምቱ ወራትና እስከ ጥቅምት ድረስ እንደ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ባሉ ወንዞች ሽቅብ ወጥተው ንጹሕ ጠጠር ላይ እንቁላል ይጥላሉ። ከመውጣታቸው በፊት በወንዙ አፍ ይሰበሰባሉ፤ መረቡም የሚዘረጋው እዚያው ነው። በአንዳንድ ወንዞች የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ ይበተናል፤ ይህም ትልቁንም ጫጩቱንም አብሮ ይፈጃል። በ1990ዎቹ መጀመሪያና በ2001 (እ.ኤ.አ.) መካከል የተካሄደ ጥናት የቢልጫ ክምችት በሦስት አራተኛ ገደማ መቀነሱን አሳይቷል።

ስለዚህ ለጉማሬው የግጦሽ ዳርቻ መተው ሲያስፈልግ፣ ለቢልጫው ደግሞ በመራቢያ ወራት የወንዙን አፍ ከመረብ ነጻ ማድረግ ይቀድማል። ሥራው ለዓሣ አስጋሪ ማኅበራት ብቻ የሚተው አይደለም። እንደ ፎገራና ደራ ባሉ ወረዳዎች አሸዋና ጠጠር የሚወጣበትን ቦታ፣ የመስኖ ውኃ የሚጠለፍበትንም ወቅት የሚወስነው አካል የዓሣውን መራቢያም አብሮ እየወሰነ ነው። ፈቃድ ከመሰጠቱ በፊት ዓሣው በየትኛው ገባር እንደሚወጣ የአካባቢውን አስጋሪዎች መጠየቅ ወጪ የለውም።