«ራስ ምታት»፣ «ፍልጠት» እና «ማይግሬን»፦ የሦስት ቃላት የትርጉም ወሰን

የሕክምና ሙያ ቃላትን ወደ አማርኛ በመመለስ ሥራ ከሚያጋጥሙን ችግሮች አንዱ የቃል ማጣት ሳይሆን የቃል መብዛት ነው። የራስ ሕመምን የሚመለከቱ ቃላት ለዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ ይሆናሉ። በሰሜን ወሎ በወልድያ፣ በመርሳና በሀብሩ ገጠር እንደሚነገረው አማርኛ ሁሉ፣ ሕመምተኛው ራሱን «ያመዋል»፣ «ይፈልጠዋል»፣ «ይጠዘጥዘዋል»፣ «ይወጋዋል»፣ «ይከብደዋል»። አንዳንዱም «ምች መታኝ» ብሎ ዳማ ከሴ አሽቶ ግንባሩን ይቀባል፤ ሌላው ራሱን በሻሽ ጠፍሮ ከጨለማ ክፍል ይተኛል። ተርጓሚው ይህን ሁሉ «ራስ ምታት» በሚል አንድ ቃል ሲጠቀልለው፣ ሐኪሙ የሚፈልገው ልዩነት ከትርጉሙ ይጠፋል።

በቅድሚያ የቃላቱን ሥር እንመልከት። «ምታት» ከ«መታ» የወጣ ሲሆን ማናቸውንም የራስ ሕመም ያለ ልዩነት ይገልጻል። «ፍልጠት» ከ«ፈለጠ» የተገኘ ነው፤ የግእዝ አቻው «ፍልጸት» በብራና ክታቦች ላይ «ቍርጸት» ከተባለው የሆድ ሕመም ጋር ተጣምሮ ይገኛል። የዐረብኛው «ሸቂቃ» መሠረቱ መሰንጠቅን የሚያመለክት በመሆኑ ከ«ፍልጠት» ጋር በአንድ አሳብ ይገናኛል። «ማይግሬን» ደግሞ ምንጩ የግሪክኛው «ሄሚክራኒያ»፣ ማለት «ግማሽ የራስ ቅል» ነው። ቃሉ በላቲንና በፈረንሳይኛ አልፎ፣ በእንግሊዝኛው አነጋገር ወደ እኛ ደርሷል። እንግዲህ ግሪክኛው ሕመሙን በቦታው ሲሰይመው፣ ግእዝና አማርኛ በስሜቱ ሰይመውታል ማለት ነው።

ሳይንሱ ግን በቦታም ሆነ በስሜት ብቻ አይወሰንም። ዓለም አቀፉ የራስ ምታት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1988 ያወጣውና በ2018 ለሦስተኛ ጊዜ አሻሽሎ ያጸደቀው ምደባ እንደሚለው፣ ኦራ የሌለው ማይግሬን ቢያንስ አምስት ጊዜ የተመላለሰና ሳይታከም ከ4 እስከ 72 ሰዓት የሚቆይ ሕመም ነው። በአንድ ወገን መሆን፣ መጠዝጠዝ፣ መበርታትና በእንቅስቃሴ መባባስ ከተባሉት አራት ጠባዮች ሁለቱን ማሟላት አለበት። በተጨማሪም ማቅለሽለሽ ወይም ማስመለስ፣ አለዚያም ብርሃንንና ድምፅን አለመቻል ሊኖር ይገባል። ከዚህ የተለየው፣ በተለምዶ «የውጥረት» የሚባለው ራስ ምታት ከ30 ደቂቃ እስከ 7 ቀን ሊቆይ ይችላል፤ ራስን በሁለቱም ወገን ይጫናል እንጂ አይጠዘጥዝም።

ይህ ልዩነት ለቃላት አጥኚው ለምን ያሳስበዋል? የማይግሬን ምርመራ በዋናነት የሚመሠረተው በሕመምተኛው ቃል ላይ ስለሆነ ነው። በአገራችን የተደረጉት አንዳንድ ጥናቶችም ቤት ለቤት በመጠየቅ የተካሄዱ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1995 ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በገጠር ከ15,000 በላይ አዋቂዎችን ጠይቀው ባሳተሙት ጥናት፣ በዓመት ውስጥ ማይግሬን የነበረባቸው 3.0 በመቶ ነበሩ፤ ከሴቶች 4.2፣ ከወንዶች 1.7 በመቶ። በ2016 የታተመውና እርሳቸውም የተሳተፉበት ሌላ ጥናት ግን 17.7 በመቶ አድርሶታል። ሁለቱ በዘዴም በሥፍራም የተለያዩ ስለሆኑ ሕመሙ በዚህ መጠን ጨመረ ለማለት አያስደፍርም። የመጠይቅ ተርጓሚ ግን ከዚህ አንድ ትምህርት ሊወስድ ይገባዋል፤ ቁጥሩ የጥያቄው ልጅ ነው።

ለምሳሌ ያህል አንድ የጤና ባለሙያ በመርሳ አንዲትን እናት «እማማ፣ የራስ ምታት በሽታ አለብዎት?» ብሎ ቢጠይቅ፣ «ኧረ የለብኝም፣ ልጄ» ሊባል ይችላል። «እማማ፣ ራስዎን ይፈልጥዎታል? ሲነሣብዎት ብርሃን ያስጠላዎታል? ያቅለሸልሽዎታል?» ቢላቸው ግን መልሳቸው ሌላ ሊሆን ይችላል። አማርኛ ሕመምን እንደ ንብረት «አለኝ» አይልም፤ ሕመሙን ባለቤት፣ ታማሚውን ተሳቢ አድርጎ «ያመኛል» ይላል። ስለዚህ መጠይቅ በስም ሳይሆን በግሥ ቢጠይቅ የተሻለ ነው።

ታዲያ «ማይግሬን»ን በ«ፍልጠት» እንተካውን? እኛ አንተካውም እንላለን። ሕዝቡ «ፍልጠት» የሚለው የወባንና የሌላ ትኩሳትን የራስ ሕመም ጭምር ነው፤ የሀብሩ ቆላ ደግሞ ወባ ያውቃል። ትኩሳት ያለበትን ሰው ቃሉ ብቻ ወደ ማይግሬን ቢመራው አደጋ አለው። «ማጅራት ገትር» የሚለው ስያሜ የተሳካው ዋናውን ምልክት፣ የማጅራትን መገተር፣ ለይቶ ስለያዘ ነው፤ «ፍልጠት» ግን ያን ያህል አይለይም። ስለዚህ በመዝገበ ቃላት «ማይግሬን» መሪ ቃል ሆኖ ይግባ፤ «ፍልጠት» በፍቺውና በመጠይቁ ውስጥ ያገልግል። «ኦራ»ም እንዳለ ይቆይ፤ «ቅድመ ምልክት» ብንለው ከእርሱ አስቀድሞ ከሚሰማው ድካምና ማዛጋት ጋር ይምታታል፤ «ብልጭታ» ብንለው የእጅና የፊት መደንዘዝን ያስቀራል።

ከሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ የሚሻው የሕክምናው ቃል ነው። ፓራሲታሞል፣ አይቡፕሮፌን፣ ትሪፕታን ሕመሙ ሲነሣ የሚወሰዱ «ማስታገሻ» ናቸው። ፕሮፕራኖሎልና አሚትሪፕቲሊን፣ እንዲሁም እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ፈቃድ ያገኙት ሲ.ጂ.አር.ፒ. በተባለው ፔፕታይድ ላይ ያነጣጠሩ ፀረ እንግዳ አካላት ሕመሙ እንዳይመላለስ የሚሰጡ «መከላከያ» ናቸው። ሁለቱም በጅምላ «የራስ ምታት መድኃኒት» ከተባሉ፣ ሕመምተኛው መከላከያውን «አላስታገሰኝም» ብሎ ይጥላል፣ ማስታገሻውንም በየቀኑ ይውጣል። ተራ ማስታገሻን በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ትሪፕታንን 10 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ከሦስት ወር ለበለጠ ጊዜ መውሰድ ራሱ ሌላ ራስ ምታት ያስከትላል። ይህንኛውን «ማስታገሻ ያበዛው ራስ ምታት» እንድንለው አሳብ እናቀርባለን፤ «መድኃኒት ወለድ» የሚለው አጠር ቢልም ጥፋቱን ከመብዛቱ ላይ አንሥቶ ከመድኃኒቱ ላይ ይጥለዋልና። ስያሜው ረዘም ቢልም ምክሩን በውስጡ ይዟል።